የአባቴ ጠመንጃ አምስት ጣት አወጣ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምጠየቀው ስለ በር ማጠፊያ፣ ስለ ውሃ ፓምፕና አልነሳ ስላለ ጀነሬተር ነው። በዚህ ወር የመጡልኝ ደብዳቤዎች ግን ሁሉም ስለ ጠመንጃ ናቸው። ስለ መተኮስ አይደለም፤ ስለ ብረቱ ቀለም። ለማታውቁኝ፣ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሥራዬ የጦር መሣሪያ ጥገና ነበር። አሁን ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ከአንዲት ሞርሳና ከአንድ አሮጌ ቶርኖ ጋር እውላለሁ። ጠመንጃ መጠገን ትቻለሁ። ማውራት ግን አልተውኩም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባታችን ከዓመት በፊት አርፎ ድርብ አፈሙዝ ያለው የአደን ጠመንጃ ትቶልናል። ወረቀቱን ታላቅ ወንድሜ በስሙ ጨርሷል። የአርባው ዕለት ዘመድ ሁሉ እየተቀባበለ አየው። ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ከተን አልጋ ሥር አስቀመጥነው። ክረምቱ ሲወጣ ብንከፍተው ያ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ጥቁር ብረት ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። አንዱ ቦታ ላይ ቁልጭ ያለ የአምስት ጣት ቅርጽ አለ። እናቴ አይታው ደነገጠች፤ «የአባታችሁ እጅ ነው» አለች። ቤታችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ቀለሙን እንዴት እንመልሰው?
የአባቷ ልጅ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የአባቷ ልጅ፣ እግዜር ያጽናችሁ። እናትሽን አረጋጊያቸው፤ እጁ የአባታችሁ አይደለም። የአርባው ዕለት ወጥ በልቶ፣ እጁን ለቅለቅ አድርጎ ጠመንጃውን ያነሣ የአንድ ዘመዳችሁ ነው። የሰው ላብ ጨው አለው። ወጥም ጨው አለው። ጨው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ ብረቱን ይበላል። ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ ብቻ መዛጉ ለዚህ ነው። እኔ ጥገና ክፍል ሳለሁ አንድ ባልደረባችን ነበር፤ የነካው ብረት ሁሉ በሦስተኛው ቀን ይዝጋል። ላቡ ከሌሎቻችን የባሰ ነበር መሰለኝ። ጓንት ሳያደርግ ዕቃ እንዳይነካ አለቃችን ከለከለው።

አሁን ስለ ቀለሙ። ቀለም እንለዋለን እንጂ ቀለም አይደለም፤ ማንም አልቀባውም። የብረቱ የራሱ ቆዳ ነው የጠቆረው። ነገሩን ልንገርሽና ብትስቂም አልቀየምም፦ እሱም ዝገት ነው። ብረት ሁለት ዓይነት ዝገት አለው በይ። አንደኛው ቀዩ ነው፤ እየተላጠ ይወድቅና ከሥሩ ያለውን አዲስ ብረት ደግሞ ይበላል። ሁለተኛው ጥቁሩ ነው፤ ማግኔታይት ይባላል። ይህኛው ብረቱን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ አይላጥም። ፋብሪካው ሆን ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል። ያ ነው በብርሃን ሲያዩት ሰማያዊ የሚመስለው። ችግሩ ስስ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ከሆነ ይህ ቆዳ አንድ ሁለት ማይክሮን ቢሆን ነው። በዚያ ላይ ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ዘይት ይይዛል፤ ዘይት ከሌለው ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ብቻውን ዝገት አያስቆምም። ዘይቱን የሚሸከም ጨርቅ አድርገሽ ቁጠሪው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ ወንድምሽ ጠመንጃውን ይክፈተውና ሁለቱም አፈሙዝ ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ። «አባባ ሁልጊዜ ባዶ ነው የሚያስቀምጠው» የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ዝገቱ ላይ የሲንጀር ዘይት (የልብስ ስፌት መኪናውን) ጠብ አድርጊና ለሊቱን ተዪው። ዘይቱ ከዝገቱ ሥር ሰርጎ ይገባል። ጠዋት በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጥረጊው። ጨርቁ ቡና የፈሰሰበት ይመስላል፤ ጥሩ ምልክት ነው። የቀረውን ለማስለቀቅ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የመዳብ ዘንግ አውጪ፣ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፊው። መዳብ የላላውን ዝገት ያነሣል፣ ከጠመንጃው ብረት ግን ይለሰልሳል። በዘይት እያራስሽ በቀስታ ፋቂው። ዕቃ የምታጥቢበትን ሽቦ እንዳታስጠጊ! እሱ ብረቱን ይቧጭራል፣ ቆዳውንም ይዞት ይሄዳል።

ዝገቱ ሲነሣ ከሥሩ የምታገኚው ሰማያዊ አይደለም፤ ግራጫ ነቁጥ ነው። ቀዩ ዝገት ቆዳውን በልቶታል፣ የሄደው አይመለስም። በዘይት ከተያዘ ግን እዚያው ይቆማል። እኔ ብሆን የጣቶቹን ምልክት እንዲሁ እተወው ነበር። ለሚቀጥለው ዘመድ ማስተማሪያ ይሆናል።

እንደገና እናስጠቁረው ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው በጋለ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት ነው፤ ብረቱ ከ135 እስከ 155 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ለአንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ደኅና ነው። የእናንተ ግን ሁለቱ አፈሙዞች የተያያዙት በእርሳስና በቆርቆሮ ብየዳ ይመስለኛል፤ የድሮ ድርቦች በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው። ሙቀቱ ብየዳውን አያቀልጠውም፤ ኮስቲኩ ግን ይበላዋል። ጠመንጃው ቆንጆ ሆኖ ይመለስላችኋል፣ ከወራት በኋላ በሁለቱ አፈሙዝ መካከል ያለው ብረት ይነሣል። ይህ የጋለው አሠራር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ስለዚህ ፈቃድ ያለው ባለሙያም ቢሆን «በአንድ ቀን አደርስላችኋለሁ» ካላችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አቀማመጡ ነው የገደላችሁ። ቆዳ ማኅደር የመንገድ ነው፤ የቤት አይደለም። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድ አለ፣ እርጥበትም አይለቅም። ብርድ ልብስም እንደዚያው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ብረቱን አቅፎ ይተኛል። የሐዋሳን ነገር ደግሞ ታውቂዋለሽ። ቀን ሞቃት ነው፣ ማታ ይቀዘቅዛል። ከማቀዝቀዣ የወጣ የቢራ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲያልበው አይተሻል? ሌሊት የቀዘቀዘ ብረትም ጠዋት ቡና ሲፈላ፣ እንፋሎቱ ቤቱን ሲሞላው እንደዚያ ያልበዋል። በብርድ ልብስ ስለተጠቀለለ ላቡ አይደርቅም።

የሚቆለፍ የእንጨት ቁም ሣጥን ይሻላል። ግድግዳና ሲሚንቶ እንዳይነካ አድርጉ። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ ለስላሳ ነገር ላይ አቁሙት፤ ወደ ላይ ከቆመ ዘይቱ እየወረደ ሰደፉ ውስጥ ይገባና እንጨቱን ያበሰብሰዋል። አፈሙዙን በጨርቅ አትወትፉ። አዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የምትገኘዋን፣ «አትብሉ» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት አትጣሏት። አሥር አሥራ አምስት ሰብስቡና ቁም ሣጥኑ ውስጥ አኑሩ፤ እርጥበት ትጠጣለች። ስትጠግብ ፍሬዎቹን ከከረጢቱ አውጥታችሁ፣ በሣህን ዘርግታችሁ 120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆዩአቸው፤ እንደገና ይሠራሉ። የአየር እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ብረት ይተኛል፤ ከ60 ካለፈ መንቃት ይጀምራል። (አንድ ወዳጄ «ጨው እርጥበት ይስባል» ሲባል ሰምቶ ኪሎ ጨው ጠመንጃው አጠገብ አስቀምጦ ነበር። መልሱን ከላይ አግኝተሽዋል።)

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ሰላም ነው? እኔ አዳማ ነኝ። ከአያቴ የወረስነው ቤልጅግ ጠመንጃ አለ፣ ሕጋዊ ነው። ብረቱ ቦታ ቦታ ገርጥቷል። ጓደኞቼ «ኮምጣጤ ወይ ኮካ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ አዲስ አድርገው፣ ከዚያ በጠርሙስ የሚሸጠውን ማጥቆሪያ ቀባው» አሉኝ። ጠርሙሱን ከዱባይ አስመጥቻለሁ። ልጀምር?

መልስ፦ አትጀምር! ጠርሙሱን መልሰህ ክደነው።

ኮምጣጤ አሲድ ነው፣ ኮካ ውስጥም ፎስፈሪክ አሲድ አለ። አሲድ ቀዩን ዝገት ይበላል፤ ጥቁሩን ግን አይምርም። ለሱ ሁለቱም ዝገት ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። በ19 ዓመቴ፣ ገና ተለማማጅ ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ትንሽ የዛገ የአደን ጠመንጃ አመጡ። አለቃዬ ምሳ ሄዷል። እኔም ጎበዝ ለመባል ብዬ ከጎረቤት ምግብ ቤት ኮምጣጤ ለምኜ አፈሙዙን በራሰ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ሽሮዬን በልቼ ስመለስ ጨርቁን ገለጥኩ። ዝገቱ የለም። ሰማያዊውም የለም። ጨርቁ ካረፈበት እስካላረፈበት ድረስ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ እንደ ሹካ ነጭ። አፌ ደረቀ። ሽማግሌው ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

አለቃዬ አልተቆጣም፤ መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር። «በል፣ ያጠፋኸውን አንተው ትመልሳለህ» ብሎ ስምንት ቀን አሠራኝ። አሠራሩ የጥንት ነው። ብረቱን ቅባት እስከማይቀረው አጠብነው። ከዚያ በኋላ በእጅ መንካት ክልክል ነው። ቶሎ የሚያዝግ ፈሳሽ በስሱ ቀባነውና እርጥብ ጆንያ ባነጠፍንበት ሣጥን ውስጥ አሳደርነው። ጠዋት ስናወጣው ሙሉው በቀይ አቧራ ተሸፍኗል፤ ሆን ብለን አዛግነዋል ማለት ነው። ከላሜራ የተበየደ ረጅም ገንዳ ውስጥ ውሃ አፍልተን ከተትነው። ውሃው የዝናብ ነበር። የጉድጓድ ውሃ የሚተወው ነጭ ነቁጥ አይለቅም፣ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ ማዕድን ይበዛዋል። በኛ ከፍታ፣ 1,700 ሜትር አካባቢ፣ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሲወጣ ያ ቀይ አቧራ ጥቁር ከፋይ ሆኗል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከፋዩን በለስላሳ ሽቦ ብሩሽ ስናራግፈው ከሥሩ ስስ ግራጫ ቀረ። ማታ እንደገና ፈሳሽ፣ እንደገና ሣጥን። በሦስተኛው ቀን ጠቆር አለ። በስምንተኛው ቀን ሰማያዊ ሆነ። ለድርብ አፈሙዝ የሚስማማው አሠራርም ይኸው ነው፤ ብየዳውን የሚበላ ነገር የለበትም። የአባቷ ልጅም ካነበበችው ትያዘው።

የብርጭቆ ወረቀቱን ነገር ደግሞ ጨርሶ እርሳው። ቤልጅግ የምንለው ቤልጅግ አገር ካለው ኤፍ ኤን ፋብሪካ የመጣውን ማውዘር ነው። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት ለመንግሥት የተገዙት አንዳንዶቹ የይሁዳ አንበሳ ምልክት አለባቸው። ያን ምልክት አሽተህ ብታጠፋው ዕቃህ ተራ ብረት ይሆናል። ቁጥሩን ካደበዘዝከው ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። በ1177/2012 አዋጅ ዘመን ወረቀትህ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ ያለው ካልገጠመ «አሽቼው ነው» የሚል መልስ የሚሰማህ የለም።

ጠርሙሱ? ለብሎን ራስ፣ ለትንሽ ጭረት ይሆናል። ውስጡ ያለው ሰሊኒየም መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርግ፣ በር ክፈት። የሚያወጣው ጥቁረት ግን የፋብሪካው ዓይነት አይደለም፤ ጨርቅ ሲደጋግመው ይለቃል። ተጠቅመህ በደንብ አጥበህ ዘይት ካልቀባኸው ራሱ ያዝጋል። ሙሉ አፈሙዝ ላይ ከቀባኸው ደግሞ ዝንጉርጉር ይሆናል፣ እንደ ጅብ። የአያትህ ብረት የገረጣው በእጃቸው ነው። ተወው፣ ዘይት ቀባው።

ጥያቄ፦ አባቴ ጠመንጃውን በለጋ ቅቤ ነበር የሚወለውለው፤ አንዳንዴም በኑግ ዘይት። እኔ ጋራዥ ስለምሠራ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እጠቀማለሁ። የቱ ይሻላል?
ከሐዋሳ፣ አቶቴ

መልስ፦ ሦስቱም አይሆኑም፤ አባትህን ግን አልወቅሳቸውም፣ የተገኘው እሱ ነበር። ቅቤ ሲቆይ ይሸታል አይደል? የሚሸተው አሲድ እያወጣ ስለሆነ ነው። ኑግ ለወጥ እንጂ ለብረት አይሆንም። አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ እንደ ሙጫ ይይዛል። ማቀባበያው ተጣብቆባቸው መጥተው የነበሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ትዝ ይሉኛል፤ «ተበላሸ» ብለው ነው የመጡት፣ ያወጣነው ግን ቢጫ ማስቲካ ነበር። የተቃጠለው የሞተር ዘይት የባሰ ነው። በሞተሩ ውስጥ የተፈጠረው አሲድ፣ ውሃና የብረት ብናኝ ሁሉ አለበት። ጣሳው ውስጥ ያለው ያልተነካው አዲሱ ዘይት ይሻልሃል። የሲንጀር ዘይት ደግሞ ጥሩ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ግን ቶሎ ይሄዳል፣ በየወሩ ድገመው።

ዳብሊው ዲ 40 ለሚሉኝ፦ ውሃ ለማባረር ጥሩ ነው፤ ዝናብ ለነካው ዕቃ ወዲያው ንፉበት። ለዓመት ማኖሪያ ብላችሁ ግን አትተማመኑበት፤ አብዛኛው ተንኖ ይሄዳል፣ የሚቀረው ስስ ነው። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ግሪስ፣ ወይም ሰም። ንብ ሰም ከገበያ ይገኛል፤ እሱም ግን ትንሽ አሲድ አለው። የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያዎች በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሬኔሳንስ ዋክስ የሚባለውን ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ሰም ያዘጋጁት ይህን ሽሽት ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ አንዲት ትንሽ ጣሳ አስመጣ፤ ዕድሜ ልክህን አትጨርሳትም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ አዳማ ከተማ መጋዘን ጥበቃ ነኝ። ሲሞኖቭ ጠመንጃ ይዤ አድራለሁ። ነፋሱና አቧራው አስቸገረኝ። ዘይት ባበዛሁ ቁጥር ይብሳል። ማንገቻው የሚነካው ቦታ ደግሞ ነጥቷል፤ አለቃዬ «አበላሸኸው» ይለኛል።

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ አላበላሹትም። ማንገቻ በየሌሊቱ የሚያሸው ብረት ይነጣል። የሠራ ብረት መልክ ነው፤ ለአለቃዎም ይህን ያስነብቡልኝ። ዘይቱን ግን ይቀንሱ። የአዳማ አቧራና ዘይት ሲገናኙ ሞረድ ነው የሚሆኑት፤ እየወለወሉ ይሞርዱታል። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉ፣ ከዚያ ጠብታ በነካ ጨርቅ አንዴ ያልፉበት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ያብሱት። ጣትዎን ሲያሳርፉበት ጣትዎ ሊረጥብ አይገባም፤ ምልክቱ ብቻ ይታይ። ሰዓትዎ አልቆ ለተረኛው ሲያስረክቡ እጅዎ የያዘውን ቦታ ያብሱ፣ ይኸው ነው። ክላሽ የያዙት ባልደረቦችዎ ይህን ሁሉ አያስቡ፤ የብዙው ክላሽ ሽፋን ሌላ ነው፣ ቀለም ወይም ግራጫ ፎስፌት፣ እሱ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ጥይት የተተኮሰበት መሣሪያ ካለ አፈሙዙን ዘይት ብቻ አያድነውም። የአንዳንዱ ጥይት ካፕሱል (ባሩዱን የሚለኩሰው) ሲቃጠል ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨው በዘይት አይሟሟም። በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ ነው የሚቀባው። ውሃ ስል የሚደነግጡ አሉ። ሙቅ ብረት በደቂቃ ይደርቃል፣ አይፍሩ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ የሚያወሩት የእርስዎ ጠመንጃ የት አለ?

መልስ፦ የለኝም። ያለኝ አንድ ክንድ የምትሆን የብረት ቧንቧ ናት። በዚያ በስምንት ቀኑ ሥራ ጊዜ አለቃዬ «መጀመሪያ በዚህ ተለማመድ» ብሎ የሰጠኝ ነው፤ እንደ ጠመንጃው ስምንት ጊዜ ተቀቅላለች። ቶርኖ ቤቴ መስኮት ላይ በሽቦ ተንጠልጥላለች። የላይኛውን ግማሽ በየወሩ ዘይት አስነካዋለሁ፣ የታችኛውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ላዩ እስካሁን ሰማያዊ ነው። ታቹ ቡናማ ሆኗል። መሀሉ ላይ ደግሞ በ19 ዓመቴ ጓንት ሳላደርግ የያዝኩበት አውራ ጣቴ አለ፣ መስመሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ማየት የሚፈልግ ይምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ አልኖርም።